ጥቆማ ፈልጌ ነው፦ ለዶሮና ለተርኪ እንቁላል ባለ ፋን ማሽን፣ ፋን አልባ ሳጥን፣ አስፈልፋይ ድርጅት ወይስ ዶሮ ማስታቀፍ?

ጓሮ ሙሉ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከጓሮ የተሰበሰበ 30 የዶሮና 12 የተርኪ እንቁላል ላስፈልፍል ነው። ፋን የሌለው የፎም ሳጥን፣ ባለ ፋን ሆኖ በራሱ የሚያገላብጥ ማሽን፣ እንቁላል ተቀብሎ የሚያስፈልፍል ድርጅት፣ ዶሮ ማስታቀፍ፤ ከነዚህ የቱን ትመክሩኛላችሁ? ሁለቱን ዓይነት አንድ ላይ ማስገባትስ ይቻላል?

አስኳል፦ ባለ ፋኑን። ፋን ካለው ሙቀቱ ከጥግ እስከ ጥግ 37.5 ዲግሪ ሆኖ ይቆያል። ፋን አልባው ውስጥ ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከላይና ከታች ያለው ሙቀት ይለያያል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ከእንቁላሎቹ አናት ትክክል ተቀምጦ ከ38.3 እስከ 38.9 ማሳየት አለበት። ብዙ ሰው ክዳኑ ላይ ይሰቅለውና 37.5 ሲያይ ደስ ይለዋል፤ እንቁላሉ ግን ከታች በርዶታል። ጫጩቶቹ ከቀናቸው ዘግይተው፣ ዝለው ይወጣሉ።

አንድ ላይ ማስገባት ይቻላል። የዶሮ 21፣ የተርኪ 28 ቀን ነው። የተርኪውን አስቀድመህ አስገባና ከ7 ቀን በኋላ የዶሮውን ጨምር። እንዲህ ከሆነ ማገላበጡም ለሁለቱም በአንድ ቀን ይቆማል፤ ተርኪው 25ኛ ቀኑ ላይ ሲሆን ዶሮው 18ኛው ላይ ነው።

ነጭ ላባ፦ ድርጅቱን ከዝርዝርህ ሰርዘው። ስም አልጠራም። 60 እንቁላል ተሰጥቷቸው 14 ጫጩት መለሱ። ለምን ሲባሉ "እንቁላልሽ ዘር የለውም" አሉ። የቀረው ሲሰበር ብዙዎቹ ውስጥ ላባ ያወጣ ጫጩት ሞቶ ተገኘ። አውራ ያልነካው እንቁላል ላባ ያበቅላል?

ምጥን፦ ነጭ ላባ፣ የሞቱት ምንቃራቸውን ወደ አየር ኪሱ፣ እንቁላሉ ወፍራም ጫፍ ላይ ወዳለው ባዶ ቦታ፣ አስገብተው ነበር? ሲሰበርስ ፈሳሽ ነበረው?

ነጭ ላባ፦ አላስገቡም። ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ ነበረው፣ የአየር ኪሱም ጠባብ ነው።

ምጥን፦ እንግዲያው እርጥበት በዝቶበታል። እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ ማጣት አለበት፤ 60 ግራም ሆኖ የገባው 53 ግራም አካባቢ መመዘን ይኖርበታል። ካልቀነሰ ኪሱ አይሰፋም። ጫጩት የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስበው ከዚያ ኪስ ስለሆነ በር ላይ ደርሶ ይታፈናል። እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይበቃል፤ ለተርኪ መጨረሻ ላይ ትንሽ ከፍ ይበል።

ለድርጅት የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ፦ በ7ኛው ቀን በባትሪ ታያላችሁ ወይ? ዘር የሌለው በዚያን ቀን ጥርት ብሎ ይታያል፣ ቀድሞ የሞተው የደም ቀለበት ይሠራል፣ ደህናው እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ሥር አለው። በ7ኛው ቀን ሳያዩ በ21ኛው "ዘር የለውም" ብሎ ነገር የለም።

ነጭ ላባ፦ ሒሳቡን ግን ሙሉ ተቀበሉ እኮ! ሙሉ!

ሰብለ፦ እኛም ሰፈር እንደዚሁ ነው የሚያደርጉት። ጫጩት ይቀያይራሉም ይባላል።

ክንፍ፦ እኔ የምገዛበት ሰው የሚሠራው ማሽን እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። በጣም ታማኝ ሰው ነው። የገባው ሁሉ ይወጣል፣ መቶ በመቶ።

ቀይ ጉትዬ፦ መቶ በመቶ? እናቲቱ እንኳ እንዲህ አትፎክርም። አውራ ያላገኘውንም ማሽኑ ያስጸንሰዋል ማለት ነው። የሰውየውን ታማኝነት ተቀብለናል፣ የቴርሞስታቱንስ ማን ይመስክርልን?

ክንፍ፦ ጋራንቲ አለው። ያላየኸውን አትተች።

ቀይ ጉትዬ፦ እሺ፣ ቀልዱ ይቅር። ጓሮ ሙሉ፣ ከማንም ግዛ ከማን፣ እንቁላል ሳታስገባ አንድ ሙሉ ቀን ባዶውን አስነሳውና ሦስት ነገር እይ። ሙቀቱን ማሽኑ ላይ የተጻፈውን አትመን፤ የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትርና የማሽኑን ቴርሞሜትር አንድ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከተህ አነጻጽር። እርጥበት መለኪያውን ደግሞ በጨው ፈትነው፦ አንድ ማንኪያ ጨው በጥቂት ጠብታ ውሃ አርሰህ እንዳይሟሟ ተጠንቀቅ፣ ከመለኪያው ጋር በሚታሸግ ፕላስቲክ ውስጥ አሳድረው። ጠዋት 75 በመቶ ማንበብ አለበት፤ 69 ካለ ሁልጊዜ 6 ጨምረህ አንብብ።

ሦስተኛው ማገላበጫው ነው። በአንድ በኩል × በሌላው ○ በእርሳስ ጻፍና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመልከት። በሚንከባለሉ ዘንጎች የሚሠራው ለዶሮ እንቁላል ሲሠራ የተርኪው ትልቅ ስለሚሆን መሀል ላይ ተጣብቆ ይንሸራተታል እንጂ አይዞርም፤ × ቀን ሙሉ ወደ ላይ እንዳፈጠጠ ታገኘዋለህ። ያልዞረ ፅንስ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ላይ ይጣበቃል። ሾጣጣውን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ በ45 ዲግሪ ወዲህና ወዲያ የሚያዘነብለው ትሪ ለሁለቱም ይሻላል፣ ቀዳዳው ይስፋ እንጂ።

እማማ ቄብ፦ ልጆቼ፣ ለዚህ ለ30 እንቁላል ይሄ ሁሉ መለኪያ ምን ያደርጋል? መካከለኛ ዶሮ ከ10 እስከ 12 ትታቀፋለች፣ የተርኪ እናት ደግሞ የራሷን 15 ትችላለች። መጀመሪያ ቅማሏን አጥፉላት፣ ሁለት ሦስት ቀን በውሸት እንቁላል ፈትኗት፣ ከጎጆዋ ካልተነሳች በማታ ቀይሩላት። ብቻ የዶሮና የተርኪ ባንድ ቀን ቀላቅላችሁ አታስታቅፏት፤ የራሷ በ21 ቀን ሲወጡ ተነስታ ትሄድና የተርኪው ሜዳ ላይ ይቀራል።

አስኳል፦ እማማ ልክ ነዎት። ችግሩ 42 እንቁላል ሦስት አራት ታቃፊ ባንድ ሳምንት ይፈልጋል።

የሜዳ ልጅ፦ ማንም ያላነሳው ነገር አለ፤ ከወጡ በኋላ አብራችሁ አታሳድጓቸው። ዶሮ ብላክሄድ የሚባለውን በሽታ በአንጀቷ ትል እንቁላል በኩል ትበትናለች፣ እሷ ብዙም አይሰማት፣ ተርኪውን ግን ጉበቱን ይበላዋል። ዶሮ የነበረበት መሬትም ለተርኪ አይሆንም። መኖውም ይለያያል፦ ለተርኪ ጫጩት 28 በመቶ ፕሮቲን፣ ለዶሮ ከ20 እስከ 22። የተርኪ ጫጩት ውሃና መኖ ፊቱ ተቀምጦ ተርቦ ይሞታል፤ ምንቃሩን ውሃ አስነኩት፣ የሚያብለጨልጭ ብይ ውሃው ውስጥ ጣሉለት፣ ያንን ሊለቅም ሲል ይጠጣል። የመጀመሪያ ሳምንት 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ቀንሱ። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አታንጥፉ፣ እግራቸው ተንሸራቶ ይበረገዳል።

ሰብለ፦ መብራት ሲጠፋስ?

ምጥን፦ ክዳኑን አትክፈቺ፣ በብርድ ልብስ ሸፍኚው፣ የአየር ቀዳዳውን ግን አትድፈኚ። ለጥቂት ሰዓት ቢቀዘቅዝ ይዘገያሉ እንጂ ሁሉም አይሞቱም። የሚፈራው ሙቀት መጨመር ነው። መፈልፈል ከጀመሩ በኋላ ደግሞ በየደቂቃው ከፍተሽ አትይ፤ እርጥበቱ ወጥቶ ሽፋኑ ጫጩቱ ላይ ይደርቃል። የወጣው አስኳሉን ውስጡ ይዞ ስለሚወጣ አንድ ሁለት ቀን ያለ መኖ ይቆያል።

ጓሮ ሙሉ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ረስቼ፦ ከተርኪው እንቁላል አምስቱ ከተጣሉ 11 ቀን ሆኗቸዋል፣ ጥቂቶቹም ኩስ ነክቷቸዋል። ልጠባቸው?

አስኳል፦ በቀዝቃዛ ውሃ እንዳታጥብ፤ ቅርፊቱ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። የደረቀውን በሻካራ ነገር በቀስታ ፋቀው፣ በጣም የቆሸሸውን ተወው፣ ማሽን ውስጥ ገምቶ ይፈነዳና ሌላውንም ያበላሻል። ከ7 ቀን ያለፈው የመፈልፈል ዕድሉ በየቀኑ ይቀንሳል፤ ካስገባህ ምልክት አድርግበትና በ7ኛው ቀን መጀመሪያ እሱን እይ። የቀረውን እስክታስገባ ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ባለ ቦታ አቆየው። ፍሪጅ ውስጥ አይሁን።

ክንፍ፦ የኔን ሰው ስልክ በውስጥ ልላክልህ?

ቀይ ጉትዬ፦ መቶ በመቶውን በጽሑፍ አስፈርመው።

ነጭ ላባ፦ ያንን ድርጅት የት ነው የሚከሰሰው?

እማማ ቄብ፦ ለድርጭት ስንት ቀን ነው?

ምጥን፦ 17 ወይም 18፣ እማማ። ማገላበጡን በ14ኛው ያቁሙ።