የዕቅድ ውይይት፦ የቅኝት ሙዚቃን ለቪዲዮ ሠሪዎች በኦንላይን ለመሸጥ የቀረበ የጋራ ረቂቅ

አስተባባሪ

ውድ የሙዚቃ ማኅበራችን አባላት፣ ለሥራ አመራር ኮሚቴው የምናቀርበው ረቂቅ ከታች ሰፍሯል። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ በእጅ ተጫውተን የቀረጽናቸውን፣ ግጥም የሌላቸውን ሙዚቃዎች ለዶክመንተሪ፣ ለማስታወቂያና ለዩቲዩብ ቪዲዮ ሠሪዎች በሮያሊቲ ፍሪ ፈቃድ መሸጥ። ስሙ ብዙ ሰው ስለሚያሳስት ከመነሻው እንግባባ። ሙዚቃው በነፃ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ መብቱን አሳልፎ መስጠትም አይደለም። ገዢው አንዴ ይከፍላል፣ በፈቃዱ ወሰን ውስጥ ሆኖ በተጠቀመ ቁጥር እንደገና አይከፍልም። የቅጂ መብቱ እኛ ዘንድ ይቀራል፤ ብቸኛ ውል ካልፈረምን ያንኑ ሥራ ለሌላ መቶ ሰው መሸጥ እንችላለን።

አንቀጽ 1፦ በስድስት ወር 200 የሙዚቃ ሥራ ይዘጋጃል።
አንቀጽ 2፦ ማኅበሩ በስሙ የሽያጭ አካውንት ከፍቶ ገቢውን ለአባላት ያከፋፍላል።
አንቀጽ 3፦ ድርሻው ለአቀናባሪ 40 ከመቶ፣ ለተጫዋቾች 30፣ ለሚክስና ማስተሪንግ (ድምፆቹን አመጣጥኖ ለመጨረሻው ማዘጋጀት) 15፣ ለማኅበሩ ፈንድ 15።
አንቀጽ 4፦ መሣሪያዎቹ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮና በገና።

አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ።

የድምፅ ባለሙያ

አንቀጽ 1 በዚህ መልኩ አይሄድም። ገዢው የሚፈልገው አንድ ፋይል አይደለም። ለአንድ ሥራ ቢያንስ ስድስት ቅጂ ያስፈልጋል፦ ሙሉው 2 ደቂቃ ከ30፣ መሪ ዜማው የተቀነሰበት፣ ምቱ የተቀነሰበት፣ ከዚያ የ60፣ የ30 እና የ15 ሰከንዱ። በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በ24 ቢት ስቴሪዮ ዋቭ አንድ ደቂቃ ወደ 17 ሜጋባይት ይይዛል። ስድስቱ ሲደመሩ 9 ደቂቃ ከሩብ ስለሚሆኑ አንድ ሥራ 160 ሜጋባይት ነው፤ 200 ሥራ 32 ጊጋባይት። ኢንተርኔቱም መብራቱም መሐል ላይ እየተቋረጠ ያን ሁሉ መጫን ቀላል አይደለም። ከዚያ የሚብሰው ግን ጊዜው ነው። ለቀረጻ ግማሽ ቀን፣ ለማጽዳትና ለሚክስ አንድ ቀን፣ አጫጭሮቹን ለመቁረጥና መግለጫ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ብንል አንድ ሥራ ሁለት የሥራ ቀን ይበላል። ለ200 ሥራ 400 ቀን ማለት ነው። እኔ 40 ሥራ እላለሁ፤ 80 የሥራ ቀን ይፈጃል፣ በስድስት ወር ውስጥም ይገባል።

አጫጭሮቹን ሙሉውን ቆርጦ በፌድ (ድምፁን ቀስ በቀስ በመቀነስ) ማሟሸሽ የሚመስለው አለና ይህንንም ልጨምር። ፌድ ያለበትን ፋይል የቪዲዮ ኤዲተር አይወደውም፤ ጥርት ያለ መዝጊያ ምት ይፈልጋል። ስለዚህ ሰከንዱን ከፍጥነቱ ጋር ማስላት አለብን። በ96 ቢፒኤም (በደቂቃ 96 ምት)፣ በ4/4 አንድ ባር (አራት ምት) 2.5 ሰከንድ ነው። ለ30 ሰከንዱ ቅጂ 11 ባር ተጫውተን የ12ኛውን የመጀመሪያ ምት በ27.5ኛው ሰከንድ እንመታለን፤ የቀረው 2.5 ሰከንድ የክራሩ ድምፅ ተንጠልጥሎ የሚያልቅበት ነው። በ6/8 ችክችካ ደግሞ ትልቁን ምት 120 ላይ ካደረግነው አንድ ባር ልክ አንድ ሰከንድ ስለሚሆን ሒሳቡ ራሱ ይወጣል።

ሉፕ (መጨረሻው ከመነሻው ጋር ገጥሞ የሚደጋገም ሙዚቃ) የሚጠይቅ ገበያ፣ ማለትም የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ካለ ሙዚቃውን ሁለት ዙር አከታትላችሁ ኤክስፖርት አድርጉና ሁለተኛውን ዙር ብቻ ቁረጡ። የመጀመሪያው ዙር ሪቨርብ (ማስተጋባት) ሁለተኛው መነሻ ላይ ስለሚያርፍ መጋጠሚያው አይሰማም። በማስተሪንግ ጊዜም ትሩ ፒኩ (የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ) ከ-1 ዴሲቤል አይለፍ። ገበያው ለማስደመጫ ወደ ኤምፒ3 ሲቀይረው ጫፉ ከፍ ይልና ይሰነጠቃል፤ ገዢው የሚሰማው ደግሞ ያንን ኤምፒ3 ነው።

አቀናባሪ (ክራር)

በ40 ሥራ እስማማለሁ። ቅኝት አመራረጡ ላይ ግን ረቂቁ ዝም ብሏል፣ ሽያጩን የሚወስነው ደግሞ እሱ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፤ ይህን ስኬል ዓለም ሁሉ ይጫወተዋል። ባቲ ማይነርን በጊታር ብትጫወቱት ሰሚው ብሉዝ ነው ይላል። አምባሰል፣ ማለትም ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ለእኛ ጆሮ ወዲያው ወሎን ያመጣል፤ ለማያውቀው ግን የጃፓን ሙዚቃ ነው የሚመስለው፣ ምክንያቱም እዚያም እነዚሁ ድምፆች ያሉበት ስኬል አለ። ስለዚህ ቅኝቱ ብቻውን አገሩን አይናገርም። የሚናገረው የማሲንቆው ደጋን፣ የዋሽንቱ እስትንፋስና የ6/8 ምቱ ነው። በየሥራው ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች ውስጥ ይሰሙ።

አንቺሆዬ የማያርፍ ቅኝት ነው፤ ለምርመራ ዶክመንተሪና ለውጥረት ትዕይንት ይሆናል። ከ40ው 6 ለእሱ ብንመድብ ደስ ይለኛል፣ እዚያ ቦታ ላይ ሌላው ዓለም የሚያቀርበው ተመሳሳይ ነገር ጥቂት ነው።

ቀረጻው ላይ አንድ ነገር። ቁልፉ የሚመረጠው ከዋሽንቱ ይሁን። ክራር ይቃኛል፣ ማሲንቆም ይቃኛል፤ ዋሽንት ግን ሸምበቆው በተቆረጠበት ርዝመት ነው የሚናገረው። ተጫዋቹ ይዟቸው ከሚመጣው ዋሽንቶች መጀመሪያ በመቃኛ ተለክቶ የሚስማማው ይመረጥና ክራሩ በእሱ ይቃኝ። ዋሽንቱ ከመደበኛው 440 ኸርዝ 20 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው) ዝቅ ብሎ ቢገኝ የኪቦርዱን ማስተር ቱን (ጠቅላላ መቃኛ) ወደ እሱ እናውርደው። ዋሽንቱን በሶፍትዌር ከጎተትነው ትንፋሹ ይበላሻል፣ ቆርቆሮ ይሆናል። ክራሩም ክፍሉ ሲሞቅ ስለሚወርድ በየ20 ደቂቃው ይፈተሽ። ብቻውን ሲሰማ ደህና የመሰለ ክራር ከፓድ (ከኪቦርድ ከሚወጣ የተዘረጋ የጀርባ ድምፅ) ጋር ሲገናኝ ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ያኔ ተጫዋቹ ሄዷል።

የቪዲዮ ኤዲተር (ዋሽንግተን ዲሲ)

ሰላም ለሁላችሁም። ከገዢው ወገን ሆኜ ልናገር። ኤዲተር «ትዝታ» ብሎ አይፈልግም፤ ቃሉን አያውቀውም። የሚጽፈው ስሜቱን፣ ቦታውንና የቪዲዮውን ዓይነት ነው። የቅኝቱ ስም መግለጫው ውስጥ ይግባ፣ ርዕሱ ግን በእንግሊዝኛ የሚታይ ሥዕል ይሁን። ምሳሌ ላሳይ። በ84 ቢፒኤም፣ በባቲ ማይነር፣ ክራር፣ ዋሽንትና ለስለስ ያለ ከበሮ ያለበት ሥራ አለን እንበል። ርዕሱ «የደጋ ማለዳ» የሚል ትርጉም ይኑረው። ቁልፍ ቃላቱ፦ ማለዳ፣ ጉዞ፣ ተራራ፣ ቡና፣ ገበሬ፣ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያ፣ የተረጋጋ፣ ተስፋ፣ ዶክመንተሪ፣ የእርዳታ ድርጅት ቪዲዮ፣ አኩስቲክ። «ሐዘን» እና «ደስታ» አንድ ላይ አይቀመጡ፤ ከሁለቱ አንዱን የሚፈልገው ሰው ከፍቶ ሲያጣው ይዘጋዋል፣ በሁለተኛው ቀን ስማችሁን ሲያይ አይከፍተውም።

ማሲንቆ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ። ድምፁ የሰው ድምፅ ወደሚኖርበት ቦታ ይገባል፤ ተራኪ ሲናገር ከተራኪው ጋር ይሻማል። የድምፅ ባለሙያችን ያነሳው መሪ ዜማው የተቀነሰበት ቅጂ በእኛ መሣሪያዎች ላይ የግድ ነው። ያ ቅጂ ከሌለ ሥራውን ብወደውም አልገዛውም። እንደ እንጉርጉሮ ምት ሳይኖረው የሚጀምር ረጅም መግቢያም ለመድረክ ያምራል፣ እዚህ ግን ራሱን ችሎ ሌላ ፋይል ይሁን።

የሒሳብና ውል ክፍል

ይቅርታ አድርጉልኝና አንቀጽ 2 ይውጣ። ማኅበራችን የተመዘገበው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። አዋጁ ገቢ ማስገኛ ሥራን አይከለክልም፤ ከዚያ የሚገኘው ገቢ ግን ለአባላት ጥቅም እንዲተላለፍ አይፈቅድም። እኛ ደግሞ «ያከፋፍላል» ብለን ጽፈናል። ይህ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምዝገባችንን አደጋ ላይ ይጥላል። በምትኩ አካውንቱን እያንዳንዱ አቀናባሪ በራሱ ስም ይክፈት፤ ከተጫዋቾቹና ከሚክስ ባለሙያው ጋር በጽሑፍ ይዋዋል፤ ማኅበሩ ስቱዲዮውን ያቀርብና በደረሰኝ የአገልግሎት ክፍያ ይቀበላል። አንቀጽ 3 ላይ ያለው 15 ከመቶ «ፈንድ» መባሉ ቀርቶ ይኸው ክፍያ ይሁን።

ውሉ ከቀረጻው በፊት ይፈረም፤ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተጫዋቹም የራሱ መብት አለው፣ አቀናባሪው ዜማውን ስለደረሰ ብቻ የማሲንቆውን ቀረጻ መሸጥ አይችልም። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የሥራው ርዕስ፣ ማን ምን ተጫወተ፣ ድርሻ በመቶኛ፣ ፊርማ፣ ቀን። ለሠርግና ለልቅሶ የሚጠራሩ ወዳጆች መሆናችን ፊርማውን አያስቀርም።

ገንዘቡ። በኢትዮጵያ የተከፈተ የፔይፓል አካውንት ለመክፈል እንጂ ለመቀበል አይሆንም፤ ስለዚህ የምንመርጠው ገበያ በፔዮኒር (የኦንላይን ክፍያ መቀበያ) ወይም በባንክ ዝውውር የሚከፍል መሆኑ አስቀድሞ ይጣራ። የአሜሪካ ገበያዎች ዳብልዩ-8ቤን የሚባል፣ ለውጭ አገር ሰው የተዘጋጀ የግብር ቅጽ ያስሞላሉ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት ከአሜሪካ የሚመነጨው ሮያሊቲ (የፈቃድ ክፍያ) ላይ 30 ከመቶ ይቀነሳል። «ለንደን ባለው የአጎቴ ልጅ ስም እንክፈተው» የሚል ሐሳብ በስልክ ሰምቻለሁ። ቅጹ ላይ የገቢው እውነተኛ ባለቤት እኔ ነኝ ተብሎ በሕግ ተጠያቂነት ነው የሚፈረመው፤ ዘመድን እዚያ ውስጥ ማስገባት የለብንም። ቅጹ ከተፈረመበት ዓመት ቀጥሎ ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ይወድቃል፣ ይታደስ።

ስም ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። «ፀሐይ» በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ትጻፋለች። በፓስፖርቱ፣ በባንክና በገበያው አካውንት አንድ ፊደል ከተለያየ ክፍያው ይመለሳል። የቤተሰብ ስም ሲጠየቅም ፓስፖርቱ ላይ በዚያ ቦታ የሰፈረው ይሞላ።

ሁሉም ሰው የሚጠብቀውን መጠን እንዲያውቅ አንድ ሽያጭ በምሳሌ እናስላ። ፈቃዱ 20 ዶላር ቢሆን፣ ገበያው ግማሹን ቢወስድ፣ ገዢው አሜሪካዊ ቢሆን 10 ዶላር ላይ 3 ይቀነስና 7 ይቀራል። አቀናባሪው 2.80፣ ሚክሱ 1.05፣ ማኅበሩ 1.05፣ ተጫዋቾቹ ሦስት ቢሆኑ እያንዳንዳቸው 70 ሳንቲም። በየወሩ የሚከፋፈል ነገር አይደለም፤ በየሩብ ዓመቱ ይሁን። ለተጫዋቾችም በቀረጻው ዕለት ቢያንስ የትራንስፖርትና የምሳ ይከፈላቸው። ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት ሄደው 70 ሳንቲም እንዲጠብቁ ማድረግ ነውር ነው።

አቀናባሪ (ኪቦርድ)

ኮንቴንት አይዲ (ዩቲዩብ የተመዘገበ ሙዚቃን በየቪዲዮው ውስጥ ፈልጎ የሚለይበት ሥርዓት) ላይስ ምን ወሰንን? ሥራዎቹን ዩቲዩብ ላይ ብናስመዘግባቸው የሰረቀን ሰው ይያዛል።

የቪዲዮ ኤዲተር (ዋሽንግተን ዲሲ)

የገዛህም ሰው ይያዛል። ከፍሎ የወሰደው ቪዲዮው ላይ የመብት ጥያቄ ሲመጣበት ደንበኛው ፊት ያፍራል፤ ገንዘቡን ያስመልሳል፣ ዳግም አይመጣም። ለመጀመሪያው ዓመት እንዳናስመዘግብ እመክራለሁ። በዲስትሪቢዩተር በኩል ስትሪሚንግ ላይ የምትለቁም ካላችሁ ያቺ ኮንቴንት አይዲ የምትል ሳጥን አለመመረጧን አረጋግጡ።

የድምፅ ባለሙያ

ከሉፕ ላይብረሪ (ከተዘጋጁ ሉፖች ስብስብ) የተወሰደ ከበሮ ያለበት ሥራ ደግሞ ከነጭራሹ አይመዘገብም፣ ያው ሉፕ ሺህ ሰው ጋ አለ። ስቴም (የየመሣሪያው ድምፅ ለብቻው የወጣበት ፋይል) ስንሰጥም ሉፑ ብቻውን እንደ አንድ ስቴም ከወጣ የላይብረሪውን ፈቃድ ጥሰናል። ቀላሉ መፍትሔ ከበሮውን ራሳችን መምታት ነው። አራት ከበሮ መቺ አለን።

አቀናባሪ (ክራር)

የታወቀ ዘፈን ዜማም አይግባ። «የሕዝብ ነው» የምንለው ስንቱ ደራሲ አለው። ቅኝት የማንም አይደለም፤ ዜማ ግን ባለቤት አለው።

የበገና መምህር

ልጆቼ፣ እኔ ስለ አንቀጽ 4 ነው የምናገረው። ይህን ፈቃድ የገዛ ሰው ሙዚቃውን ምን ላይ እንደሚያውለው እናንተ ትመርጣላችሁ? ለቢራ ማስታወቂያ ሊያደርገው ይችላል። በገና በዐቢይ ጾም የሚደረደር፣ የጸሎትና የምስጋና መሣሪያ ነው። አሥሩን አውታር ቀርጻችሁ ለማታውቁት ሰው ከሰጣችሁ በኋላ መልሱልን ማለት አይቻልም። ከዝርዝሩ ይውጣ። የቅዱስ ያሬድ ዜማም በየትኛውም መሣሪያ አይግባበት።

አስተባባሪ

መምህር፣ እናመሰግናለን፤ ተቀብለነዋል። ሙሉ በሙሉ ያልተስማማንበት የኮንቴንት አይዲው ብቻ ስለሆነ «ለ12 ወር አይመዘገብም፣ ከዚያ በድምፅ ይወሰናል» ብዬ አስገብቼዋለሁ። የተስተካከለው ጽሑፍ፦

አንቀጽ 1፦ በስድስት ወር 40 ሥራ፤ እያንዳንዱ በስድስት ቅጂ። ከ40ው 6 በአንቺሆዬ።
አንቀጽ 2፦ አካውንቱ በአቀናባሪው ስም፤ ማኅበሩ በደረሰኝ አገልግሎት ይሰጣል። የድርሻ ውል ሳይፈረም ማይክ አይከፈትም።
አንቀጽ 3፦ 40፣ 30፣ 15፣ እና 15 የስቱዲዮ አገልግሎት። ክፍያ በየሩብ ዓመቱ። ተጫዋቾች በቀረጻው ዕለት የትራንስፖርትና የምሳ ያገኛሉ።
አንቀጽ 4፦ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮ። በገናና የቤተ ክርስቲያን ዜማ አይካተቱም።
አንቀጽ 5፦ የሌላ ሰው ዜማና የላይብረሪ ሉፕ ክልክል። ኮንቴንት አይዲ ላይ ለ12 ወር አይመዘገብም፣ ከዚያ በድምፅ ይወሰናል።
አንቀጽ 6፦ ዋናው ፋይል በሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱ ከስቱዲዮው ውጭ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሥራዎች እንደ ሙከራ ይቀረጻሉ። ዋሽንት ተጫዋቾች ሰኞ ስትመጡ ያላችሁን ዋሽንት ሁሉ ይዛችሁ ኑ፤ በመቃኛ ለክተን በየዋሽንቱ ላይ ቁልፉን እንጽፍበታለን።