የዱቄት ወተት ከጀመረ ወዲህ ሆዱ የተቸገረ ሕፃን

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ወር ያለፈውን ወንድ ልጄን እስካሁን ጡት ብቻ ሳጠባው ቆይቼ፣ የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ በመቃረቡ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቀን ቀን የዱቄት ወተት በጡጦ እየሰጠሁት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰገራው ወፈር፣ ቀለሙም ጠቆር ብሏል፤ አንዳንዴ ሁለት ቀን ይቆይና ሊወጣው ሲል ፊቱ ቀልቶ እያማጠ ይጮኻል። አማቴ የጤና አዳም ውኃ በስኳር እንድሰጠው፣ ካልሆነም ሳሙና አሹለን እንድናስገባለት ይመክራሉ፤ ፋርማሲ ውስጥ ደግሞ ወተቱን ቀይሪ ተብያለሁ። ያስቸገረው ወተቱ ይሆን?

መልስ፣ ከሕፃናት ክፍል ነርስ፦
እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከገለጽሽው አብዛኛው የሚጠበቅ ለውጥ ነው። የጡት ወተት ፕሮቲን በአመዛኙ ዌይ የተባለው ቶሎ የሚፈጨው ዓይነት ሲሆን፣ የላም ወተት ፕሮቲን ግን 80 በመቶ ያህሉ ኬዚን ነው፤ ኬዚን ደግሞ ጨጓራ ውስጥ ስለሚረጋ ለመፈጨት ጊዜ ይወስዳል። አምራቾች ዌይ በመጨመር ወደ እናት ወተት ቢያቀራርቡትም ልዩነቱ ፈጽሞ አይጠፋም። የፓልም ዘይት ያለባቸው ወተቶችም አሉ፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው ፓልሚቲክ አሲድ አንጀት ውስጥ ከካልሲየም ጋር ሲጣመር ሰገራን ያጠነክራል።

ስለዚህ ከቀኑ ቁጥር ይልቅ የሰገራውን ልስላሴ እዪ። ለስላሳ ከሆነ ሁለት ቀን ቢቆይም ድርቀት አይባልም፤ የሚያምጠውም ሆዱን እየገፋ የፊንጢጣውን ጡንቻ ማላላት ገና ስላልለመደ ነው። እንደ ፍየል በጠጥ ደርቆ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ከወጣ ግን ድርቀት ነው። ሳሙናው ስስ የሆነውን የፊንጢጣ ሽፋን ስለሚያቆስል በፍጹም አታስገቡለት። ጤና አዳምም ለሕፃን መርዛማ ሊሆን ስለሚችል እማማን በአክብሮት አስረጂያቸው።

መልስ፣ ከሁለት ልጆች አባት፦
ወተቱን ከመቀየራችሁ በፊት አበጃጀቱን መመልከት ይበጃል። ውኃው ጡጦው ውስጥ አስቀድሞ ይለካል፤ ከዚያ ዱቄቱ በራሱ ቆርቆሮ ውስጥ ባለው ማንኪያ፣ አፉ ላይ ተስተካክሎ ይጨመራል። «ይጥገብ» ተብሎ ማንኪያው ተከምሮ ከተጨመረ ወተቱ ወፍሮ ሕፃኑን ያደርቀዋል፤ ዋጋው ስለተወደደ ማቅጠኑ ደግሞ የባሰ ጉዳት አለው። ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውኃ እንዲበጠበጥ ይመክራል፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ከእሳት ከወረደ በኋላ ብዙ ማቆየት አያስፈልግም። ከተበጠበጠ በኋላ አረፋው እስኪተኛና ወተቱ ለብ እስኪል ጠብቁ፤ መሀል ላይም ትከሻ ላይ አድርጋችሁ አስገሱት።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሰገራው ለስላሳ ነው። የተባልኩት ወተት ላክቶስ (የወተት ስኳር) የሌለው ነው፤ ልግዛው?

መልስ፣ ከነርሷ፦
አያስፈልግም። ከውልደት ጀምሮ ላክቶስ የማይፈጭ ሕፃን እጅግ ብርቅ ነው፤ ያንቺም ልጅ በጡት ወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ ሲፈጭ ቆይቷል። የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰገራ ውስጥ ደም፣ የማይለቅ ሽፍታ ወይም ተደጋጋሚ ትውከት ካየሽ ሐኪም ያማከረሽን ልዩ ወተት እንጂ ላክቶስ የሌለውን አትግዢ፣ ፕሮቲኑ እዚያም ውስጥ አለና። አረንጓዴ ትውከት፣ የተነፋና የጠጠረ ሆድ ወይም 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ካለ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ውሰጂው። ጠዋትና ማታ ማጥባቱን አታቋርጪ፤ ሥራ ስትጀምሪም የታለበ የጡት ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ስለሚቆይ፣ የዱቄቱን መጠን በዚያ መቀነስ ትችያለሽ።