ኤክሴል ላይ ሙሉ ረድፉ እንዲቀላ ፈልጌ አንድ ሴል ብቻ ይቀላል

የዱቤ መዝገብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሱቅ ዱቤ የምይዘው በኤክሴል ነው። ከኤ እስከ ጂ ሰባት ኮለም አለ፤ ዲ ላይ የመክፈያ ቀን፣ ኢ ላይ ሁኔታው («ዕዳ» ወይም «ተከፍሏል»)። ኢ ላይ «ዕዳ» ካለ ረድፉ ከዳር እስከ ዳር እንዲቀላ ነው የፈለግሁት። ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ (ሁኔታ እያየ ሴል የሚቀባው መሣሪያ) ውስጥ «ኢኳል ቱ» በሚለው ስሞክር ኢ ላይ ያለው ሴል ብቻ ቀላ። =ኢ2="ዕዳ" ብዬ ፎርሙላ ስሰጠው ደግሞ ኤ ኮለም ብቻ። ምኑ ጎደለ? ቀኑ ያለፈበትንስ በብርቱካናማ መለየት ይቻላል? ቀን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ሰንጠረዥ፦
ወንድሜ፣ የጎደለህ አንድ የዶላር ምልክት ነው። «ኢኳል ቱ» እያንዳንዱን ሴል በራሱ ይዘት ነው የሚመዝነው፤ ስም ያለበት ሴል «ዕዳ» ስለማይል አይነካውም። ፎርሙላህ ደግሞ ወደ ቀኝ አንድ ሴል በሄደ ቁጥር አብሮ ይሸሻል፦ ኤ2 የሚያየው ኢ2ን ነው፣ ቢ2 ኤፍ2ን፣ ሲ2 ጂ2ን። ለዚህ ነው ኤ ብቻ የቀላው።

የርዕሱን ረድፍ ትተህ ከኤ2 እስከ ጂ300 ምረጥ። ሆም፣ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ፣ ኒው ሩል፤ ከምርጫዎቹ መጨረሻ ላይ «ዩዝ ኤ ፎርሙላ» ብሎ የሚጀምረውን ያዝና ይህን ጻፍ፦

=$ኢ2="ዕዳ"

ከዚያ ፎርማት፣ ፊል፣ ቀለሙን መርጠህ ኦኬ።

ዶላሩ ከፊደሉ በፊት ብቻ ይሁን። $ኢ$2 ካልክ ሁሉም ረድፍ ኢ2ን ብቻ ስለሚጠይቅ ወይ ሰንጠረዡ በሙሉ ይቀላል ወይ ምንም አይቀላም። ሳጥኑ ውስጥ እያለህ ሴሉን በማውዝ ከነካኸው ኤክሴል ራሱ ሁለቱንም ዶላር ይከታል፤ ኤፍ 4 ቁልፍን ሁለት ጊዜ ስትጫን ወደ $ኢ2 ይመለሳል።

2 ቁጥርም ከመረጥከው የመጀመሪያ ረድፍ ጋር መግጠም አለበት። ሙሉ ኮለሞቹን መርጠህ 2 ካልክ ቀለሙ አንድ ረድፍ ከፍ ብሎ ያርፋል፤ የከፈለው ደንበኛ ባለዕዳ መስሎ ይታያል። በዱቤ መዝገብ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም፣ ደጋግመህ አረጋግጥ።

ፊደል ገበታ፦
እዚህ የተጻፉትን ፎርሙላዎች ስትገለብጥ የኮለሞቹንና የፋንክሽኖቹን ስም በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ጻፍ፤ ወደ አማርኛ የምትቀይረው በጥቅሱ መካከል ላለው ቃል ብቻ ነው። ጥቅሱ «» ከሆነም ኤክሴል አይቀበለውም።

ሌላው ችግር ሆሄ ነው። ለእኛ «ዕዳ» እና «እዳ» አንድ ቃል ናቸው፤ ለኤክሴል ግን ዕ እና እ ፍጹም የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። «ተከፍሏል»፣ «ተከፍሎአል» እና «ተከፍሎዋል»ም ሦስት የተለያዩ ቃላት ይሆኑበታል። ከቃሉ በኋላ የገባ ባዶ ቦታም ያበላሻል፤ እሱን =ትሪም($ኢ2)="ዕዳ" ያስተካክለዋል፣ ሆሄውን ግን አያስተካክልም። የሚሻለው ሰው እንዳይተይብ ማድረግ ነው፦ ኢ ኮለምን ምረጥ፣ ዳታ፣ ዳታ ቫሊዴሽን፣ ሊስት፤ ሶርስ ላይ ዕዳ,ተከፍሏል። የሚለየው የእንግሊዝኛው ኮማ ነው እንጂ ነጠላ ሰረዝ አይደለም።

ባሕረ ሐሳብ፦
ወደ ቀኑ ልምጣ። ኤክሴል ሴል ላይ የምትጽፈውን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚረዳው። ጥቅምት 5 ቀን 2017ን 05/02/2017 ብለህ ስትጽፍ እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ ወይ ፌብሩዋሪ 5 ወይ ሜይ 2፣ 2017 ያደርገዋል። የዛሬን ቀን ከሚሰጠው ከቱደይ ፋንክሽን ጋር ስታወዳድረው ሁሉም ዓመታት ያለፈበት ይሆናል። ጥቅምት 30 (30/02/2017) ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ኤክሴል ውስጥ ጽሑፍ ከማንኛውም ቁጥር ስለሚበልጥ ያ ረድፍ በጭራሽ «ያለፈበት» አይሆንም። አንዱ በከንቱ ይቀላል፣ ሌላው እያለፈበት ዝም ይላል።

በእኛ አቆጣጠር መቆየት ከፈለግህ ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርገህ በስምንት አኃዝ ጻፈው፦ 20170230። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 20161305 ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉ አይፋለስም። የዛሬውን ቀን በዚያው መልክ ኤች1 ላይ አስገባና ለብርቱካናማው ሌላ ኒው ሩል ከፍተህ ይህን ጻፍ፦

=ኤንድ($ኢ2="ዕዳ",$ዲ2<>"",$ዲ2<$ኤች$1)

ኤች1 በሁለቱም ዶላር የታሰረው ሁሉም ረድፍ እሱን ብቻ እንዲያይ ነው። መካከለኛውን አትተው፤ ባዶ ሴል እንደ ዜሮ ስለሚቆጠር ቀን ያልተሞላለት ሁሉ ይቀለማል። ኤች1ን በየቀኑ መቀየር ግድ ነው። «ሦስት ቀን የቀረው» ዓይነት ማስጠንቀቂያ ግን በዚህ አይሠራም፤ ስምንት አኃዙን መቀነስ የቀን ልዩነት አይሰጥም። ለዚያ የፈረንጁን ቀን በሌላ ኮለም መያዝ የግድ ነው።

የዱቤ መዝገብ፦
ሁለቱም ሠሩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ቀኑ ያለፈበትም ቀይ ሆኖ ቀረ።

ሰንጠረዥ፦
ሁለቱም ሕጎች ስለሚመለከቱት ላይ ያለው ነው ያሸነፈው። ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ፣ ማኔጅ ሩልስ ግባና ብርቱካናማውን በፍላጻዋ ወደ ላይ አውጣው። እዚያው «አፕላይስ ቱ» የሚለውን በየጊዜው እይ፤ ረድፍ ኮፒ አድርገህ ስትለጥፍ ክልሉ ይቆራረጥና አንዱ ሕግ ብዙ ቦታ ይባዛል። ስትለጥፍ ይዘቱን ብቻ የሚለጥፈውን ፔስት ቫልዩስ ተጠቀም፤ ከተቆራረጠም የተባዙትን ሰርዝና በቀረው ላይ =$ኤ$2:$ጂ$300 ብለህ መልሰው።