ጠጄ ስምንት ቀኑ፣ አንድም አረፋ የለውም፤ ልድፋው?

አዲሱ አባት፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። ሴት ልጅ ተወልዳልናለች፤ የሰማንያ ቀን ክርስትናዋ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። «ለልጄ ክርስትና የተገዛ ወይን አላቀርብም፣ ራሴ ጠጅ እጥላለሁ» ብዬ ፎክሬ ነበር። አሁን ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት «ጠጅህ እንዴት አደረ?» እያለች ትስቅብኛለች።

ያደረግኩት ይሄ ነው። ከሱፐርማርኬት 1 ጋሎን ማር (12 ፓውንድ) ገዝቼ በ3 ጋሎን የቧንቧ ውሃ በጠበጥኩት። ስድስት ጋሎን ተኩል የሚይዝ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አድርጌ፣ ከድኜ፣ ቤዝመንት አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን ከሐበሻ ሱቅ የገዛሁትን ግማሽ ፓውንድ የጌሾ እንጨት ከብርዙ ቀንሼ አፈላሁና ሲቀዘቅዝ መልሼ ጨመርኩት። ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው። አረፋ የለ፣ ድምፅ የለ። ስቀምሰው ያው ጣፋጭ ብርዝ ነው፣ ትንሽ የጌሾ ምሬት ያለው።

እናቴ ጋ አዲስ አበባ ደወልኩ። «ስንት ቀን ይፈጃል?» ስላት «ሲደርስ ራሱ ይነግርሃል» አለችኝ። እስካሁን የነገረኝ ነገር የለም።

ልድፋው? የዳቦ እርሾ ብጨምርበትስ? 70 ሰው ጠርተናል።

ብርሌ፦

12 ፓውንድ ማር ልትደፋ? እጅህን ሰብስብ ወንድሜ። መጀመሪያ ቤዝመንቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ንገረን።

አዲሱ አባት፦

አሁን ለካሁት። 58 ፋራናይት፣ ወደ 14 ሴልሺየስ።

የማሚቱ እናት፦

ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት። ልጅቷንም በእድሜ በጤና ያሳድግልህ።

ጠጅህ አልሞተም፣ በርዶት ተኝቷል። እናቴ ፍኖተ ሰላም ጠጅ ቤት ነበራት፤ እኔ ደግሞ እዚህ ዴንቨር ለስንቱ ሠርግ ጥያለሁ። ጋኑ ማጀት ውስጥ ምድጃው አጠገብ የሚቀመጠው ቦታ ጠፍቶ እንዳይመስልህ። ክረምት ሲሆን እናቴ ጋኑን በጋቢ ትጠቀልለው ነበር፤ እኛ ልጆቹ በርዶን እንኳ መጀመሪያ ጋቢ የሚያገኘው ጋኑ ነው። ዛሬውኑ ከቤዝመንት አውጣውና ሳሎን አስቀምጠው። ብርድ ልብስ አልብሰው። ቤትህ 70 ወይም 72 ፋራናይት ከሆነ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ነገር ማርህ ነው። አገር ቤት ለጠጅ የሚገዛው ማር ከነሰፈፉ፣ አንዳንዴም የሞተ ንብ እያለበት ነው የሚመጣው፤ የሚያፈላው ነገር አብሮት አለ። የሱፐርማርኬቱ ማር ግን ብዙ ጊዜ ተሞቆና በደቃቅ ወንፊት ተጣርቶ ነው ጠርሙስ የሚገባው። ለሻይ ጥሩ ነው፣ ለጠጅ ግን ብቻውን ሰነፍ ነው።

ሦስተኛው፣ ጌሾውን በሙሉ አፈላኸው። እኔ ግማሹን አፈላለሁ፣ ግማሹን ጥሬውን ታጥቦ ደርቆ እጨምራለሁ። የፈላው መራራውን ያወጣል፣ ጥሬው ያስነሳል። እናትህ ይህን ያልነገረችህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሏት ነው።

አዲሱ አባት፦

እትዬ አሜን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባልዲው አሁን ሶፋው አጠገብ ነው፤ የባለቤቴን ብርድ ልብስ ለብሷል። ሳቁ ግን ጨመረ።

ላብ ኮት፦

ሙኒክ አጠገብ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው፣ ጠጅ ደግሞ ቤቴ እጥላለሁ። እትዬ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ ሒሳቡን ልጨምርበት።

ማር 80 በመቶ ገደማ ስኳር ነው። 12 ፓውንድ ማለት 5.4 ኪሎ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 4.3 ኪሎ ገደማው ስኳር ነው። ፈሳሽህ ባጠቃላይ 15 ሊትር ስለሆነ በአንድ ሊትር 290 ግራም የሚጠጋ ስኳር አለህ። በግምት በሊትር 17 ግራም ስኳር 1 ፐርሰንት አልኮል ይሆናል። እስከ መጨረሻው ቢፈላ 17 ፐርሰንት ሊጠጋ ነው ማለት ነው። ይህን ያህል ስኳር ለእርሾ ሸክም ነው፤ ብርድ ሲጨመርበት ጭራሽ አይነሳም። 1 ጋሎን ውሃ ጨምርበት። አንድ ለአራት ይሆንልሃል፣ በሊትር ወደ 230 ግራም። ባልዲህም ይችላል፤ አንድ ጋሎን ተኩል ለአረፋው ይተርፋል።

የዳቦ እርሾ ይሠራል፣ አልዋሽህም። ግን ዳቦ ዳቦ ይሸታል፣ በደንብም አይዘቅጥም። ቤት ውስጥ ወይንና ቢራ ለሚሠሩ ሰዎች ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ እናንተ ጋ አይጠፋም፤ 5 ግራም የወይን እርሾ አንድ ፓኬት ለዚህ መጠን ይበቃል። ትንሽ የእርሾ ምግብም ግዛ፤ ማር ስኳሩ ይበዛል እንጂ እርሾ የሚፈልገው ናይትሮጅን በጣም ያንሰዋል። እርሾውን ለብ ባለ ውሃ (ከ35 እስከ 40 ሴልሺየስ) ሩብ ሰዓት አቆየው። ከዚያ ከብርዙ በማንኪያ እየጨመርክ አለማምደውና ባልዲው ውስጥ ገልብጠው። በዚያው ቀን ብርዙን በኃይል አማስለው፣ መጀመሪያ ላይ አየር ይፈልጋል። በኋላ ግን አየር አትስጠው፣ ወደ ኮምጣጤ የሚወስደው እሱ ነው።

የቧንቧ ውሃችሁ ውስጥ ጀርም ለመግደል የሚጨመረው ክሎሪን ከሆነ ለአንድ ሌሊት ክፍቱን ሲያድር ይተናል፤ ክሎራሚን ከሆነ ግን አይተንም። ስለዚህ የምትጨምረው ጋሎን የተገዛ የምንጭ ውሃ ይሁን።

ሃይድሮሜትርም ግዛ፤ ፈሳሹ ላይ ተንሳፎ ስኳሩ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ርካሽ ነው፣ «ራሱ ይነግርሃል» የተባለውን በቁጥር ይነግርሃል።

ወይራ ጭስ፦

ስለ ማጠን ማንም አላነሳም! ያለ ወይራ ጭስ ጠጅ ምን ጠጅ ነው?

ብርሌ፦

የፕላስቲክ ባልዲ ሊያጥን ነው? ቀልጦ የእሳት አደጋ መኪና ይጠራበታል። ከፈለገ ሲጣራ የሚገለበጥበትን የብርጭቆ ዕቃ ደጅ አውጥቶ፣ በደንብ አድርቆ፣ ጭሱ ላይ ይድፋው። ብርጭቆ በድንገት ሲግል ይሰነጠቃል፣ ፍሙ ላይ ሳይሆን ጭሱ ላይ። ጠጁ የሚገባውም ብርጭቆው ሲቀዘቅዝ ነው።

ደረቁ፦

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ብርዙ ጌሾ ጌሾ ካለ ሁለት ጠርሙስ አረቄ ቀላቅልበት። ማንም አያውቅም፣ ሁሉም ይስቃል።

የማሚቱ እናት፦

ማንም አያውቅም ያልከው ነው ችግሩ። ለስላሳ ጠጅ ነው ብሎ ሦስት ብርሌ የጠጣ ሰው መኪና ሊነዳ ነው። በክርስትና ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም።

ላብ ኮት፦

በዚያ ላይ አረቄ ከበዛበት እርሾው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለህ ጠጅ ሳይሆን አረቄ የገባበት ብርዝ ነው። «አረቄውንም ራሴ ላውጣ» የሚል ካለ ደግሞ፦ በአሜሪካ ሕግ አንድ አዋቂ ለራሱ መጠጫ በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት እስከ 200 ጋሎን ወይን ያለ ግብር መሥራት ይችላል። ሽያጭ ግን የለም። የማር ወይንም ወይን ስለሆነ ጠጅህ ችግር የለበትም። አረቄ ማንጠር ግን ያለ ፌዴራል ፈቃድ ወንጀል ነው።

አዲሱ አባት፦

ትናንት ጠዋት ሁሉንም አደረግኩ፤ ውሃውን፣ እርሾውን፣ ማማሰሉን። ሃይድሮሜትሩ 1.087 አለኝ (ንጹሕ ውሃ 1.000 ነው)። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ሳሎኑ ውስጥ የሆነ ነገር ይንሾካሾካል። ክዳኑን ስከፍተው ነጭ አረፋ! ባለቤቴን ቀስቅሼ አሳየኋት። ሕፃኗም አብራ ተነሳች፣ እሱ ትንሽ አላስመሰገነኝም።

ብርሌ፦

እንኳን ደስ አለህ። አሁን ክዳኑን አጥብቀህ አትዝጋ፣ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ወይ ኤርሎክ (ጋዙን አስወጥቶ አየር የማያስገባ ትንሽ መዝጊያ) ግጠምበት፣ ወይ ክዳኑን ላላ አድርገህ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍንበት። ጌሾው በቀን አንድ ጊዜ ወደ ታች ይጠመቅ፤ ላይ ተንሳፎ ከደረቀ ይሻግታል። ከአሥር ቀን በኋላ እየቀመስክ፣ ምሬቱ ሲበቃህ እንጨቱን አውጣው።

ሂዩስተናዊው፦

ከእኔ ተማር። እኔ አምና ለፋሲካ የጣልኩትን ገና ጣፋጭ እያለ፣ ገና እየፈላ፣ ቆንጆ ጠርሙስ ውስጥ ሞልቼ አጥብቄ ዘጋሁትና ልብስ ቁምሳጥን ውስጥ ደበቅኩት። ሌሊት ተኩስ መሰለን። ሦስቱ ፈንድተዋል፣ ስብርባሪው የቁምሳጥኑን በር ወግቶታል። የሠርጌ ሱፍ እስካሁን ማር ማር ይላል። ሰው አጠገቡ ቢኖር ኖሮ ዓይን ያጠፋ ነበር።

ላብ ኮት፦

ለዚህ ነው የሚጣፍጥ ጠጅ በጠባብ አፍ ጠርሙስ ታሽጎ ሙቀት ውስጥ የማይቀመጠው። ለክርስትናህ ከሆነ ከሦስት ቀን በፊት አጥልለህ ማቀዝቀዣ አስገባው፣ ክዳኑ ላላ ይበል። ብርዱ እርሾውን ያስተኛዋል፣ አምቡላውም ይዘቅጣል። በመጀመሪያ ሲያስቸግርህ የነበረው ብርድ አሁን ይጠቅምሃል።

ባርማን፦

ዋሽንግተን ዲሲ ባር ቤት ነው የምሠራው። ርዕሱ ትንሽ ይለያል፣ ግን ከተረፈህ፦ 3 አውንስ ደረቅ ጠጅ፣ 1 አውንስ ጂን፣ ግማሽ አውንስ የሎሚ ጭማቂ፣ በበረዶ ተመትቶ ተጣርቶ፣ ከላይ የብርቱካን ልጣጭ ተጨምቆበት። ሲሮፕ አትጨምር። የጌሾው ምሬት ከጂኑ የጥድ ጣዕም ጋር ይገጥማል። ለስላሳ ጠጅ ከሆነ ጂኑን ትተህ ሎሚና ዝንጅብል ብቻ። ደንበኞቼ ሐበሻ ያልሆኑት ይወዱታል፤ ሐበሻዎቹ ቀምሰው «ጥሩ ነው» ይሉና ብርሌ ይጠይቁኛል።

የማሚቱ እናት፦

ጠጅ ላይ ጂን! አቤት አንተ ጌታ። ሎሚውን እንኳን ይቅር ብያለሁ።

አዲሱ፣ አንድ ነገር አትርሳ። ባለቤትህ ታጠባለች፤ ለእሷና ለልጆቹ የክርስትናው ዕለት ብርዝ ለብቻ በጥብጥ፣ ጌሾ የሌለው፣ ያልቆየ፣ ቀዝቃዛ። እሷም በብርሌ ትጠጣ፣ ውሃ ይዛ አትቀመጥ። ለሕፃኗ ግን ጣት ነክሮ ማቅመስ የሚባል ነገር እንዳይኖር። አያቶች ይሞክራሉ፣ ጠብቅ። ዓመት ሳይሞላው ለሕፃን ማር አይሰጥም፣ የሕፃናት ሐኪሞቹም አጥብቀው የሚሉት ነው።

አዲሱ አባት፦

ክርስትናው ትናንት ነበር። ጠጁ በአጠቃላይ ስድስት ሳምንት ገደማ ሆነው። ሃይድሮሜትሩ መጨረሻ ላይ 1.020 አለ፤ ከመጀመሪያው 1.087 ጋር አስተያይቼ ስቆጥረው አልኮሉ 9 ፐርሰንት ገደማ ነው። ቢጫ ነው፣ ትንሽ ደፍረስ ያለ፣ መጀመሪያ ይጣፍጥና መጨረሻ ላይ ምሬቱ ምላስ ይይዛል። ለ70 ሰው አንድ አንድ ብርሌ ደረሰ፤ ሁለተኛ የጠየቁት ቢራ ጠጡ። አንድ ሽማግሌ ቀምሰው ዝም አሉ፣ እንደገና ቀመሱና «ማነው የጣለው?» አሉ። ባለቤቴ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፣ በዚህ ጊዜ አልሳቀችም።

እናቴም በቪዲዮ ብርሌውን ወደ ስልኩ አስጠግቼ አሳየኋት። «ትንሽ ይቀረዋል» አለችኝ።

የባልዲው ሥር ወፍራም ዝቃጭ አለ፣ ሁለት ጣት ያህል። እሱን ነው የምደፋው?

የማሚቱ እናት፦

አምቡላውን? እንዳትደፋው! ከላይ ካለው ሳይሆን ከመሀሉ አንድ ሁለት ኩባያ ቅዳ፣ ንጹሕ ማሰሮ ውስጥ አድርገህ ማቀዝቀዣ አስገባው፤ ክዳኑን አታጥብቀው። ለፋሲካ ደብረ ዘይት እሑድ አዲስ ብርዝ በጥብጥና እሱን ጨምርበት፣ አራት ሳምንት ይኖርሃል። በዚያ ጊዜ እርሾ መግዛት አያስፈልግህም። ጌሾውን ግማሹን ጥሬ። ማሩን ደግሞ ከንብ አርቢ ግዛ፣ ያልተሞቀውን። ባልዲውን ደግሞ ቤዝመንት እንዳታወርደው።