ጂ+1 ቤት ላይ ሙቅ ውሃ የሚያዞር ፓምፕ ያዋጣል?

ጀማሪ ገንቢ፦
ቤቱ ገና አልተለሰነም። 150 ሊትር፣ 1,500 ዋት ቦይለር ግራውንድ ላይ ይቀመጣል፤ ከሱ እስከ ፎቁ ሻወር 18 ሜትር፣ 25 ሚሊ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የምንጠቀመው ከሮቶ ነው። መመለሻ መስመር (ቧንቧው ውስጥ የቀዘቀዘውን ወደ ቦይለሩ የሚመልስ) ዘርግቶ ፓምፕ ማስገባት ይሻላል ወይስ ፎቅ ላይ ሌላ ቦይለር መስቀል?

ሰኒተሪ፦
መጀመሪያ ሙቁ እስኪመጣ የሚባክነውን ውሃ እንቁጠር። ወፍራሙ 25 ሚሊ ፒፒአር (የግፊት ደረጃው ፒኤን 20 የሆነው) ውስጡ 16.6 ሚሊ ብቻ ነው፤ በሜትር 0.22 ሊትር ገደማ ይይዛል። 18 ሜትሩ 4 ሊትር መሆኑ ነው። ቧንቧው ራሱም ሙቀት ስለሚጠጣ 6 ሊትር ይፈሳል ብለው ይያዙ። በቀን አሥር ጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢከፈት 60 ሊትር፣ ሦስት ጀሪካን።

አሁን ደግሞ መብራቱን ይዩ። ፓምፑ 20 ዋት ቢበላ ነው፤ የሚያስከፍለው ቧንቧው ነው። 55 ዲግሪ ውሃ የያዘ ራቁት ቧንቧ በሜትር 20 ዋት ገደማ ያጣል። ሄዶ መመለሻው 36 ሜትር ስለሆነ 700 ዋት። ሃያ አራት ሰዓት ከዞረ የቦይለሩ ግማሽ ጉልበት ግድግዳ ሲያሞቅ ይውላል፤ በቀን 17 ኪሎዋት ሰዓት! 13 ሚሊ ውፍረት ያለው ጥቁሩ የስፖንጅ ሽፋን ኪሳራውን ከግማሽ በታች ያወርደዋል። ከልስን በኋላ ግን አይገባም፤ ፓምፑን ቢተዉትም እንኳ ሽፋኑን አሁን ያስገቡ።

ቫልቭና ቲ፦
በሂሳቡ እስማማለሁ። ፓምፑ ይግባ ከተባለ ግን ቁልፍ ሲጫን የሚነሳ፣ መመለሻው 40 ዲግሪ ሲደርስ በሴንሰር የሚጠፋ ይሁን። ታይመር ከተፈለገ ባትሪ ያለው ዲጂታል እንጂ ባለ ጥርሱ (በመብራት የሚዞረው ሜካኒካል) አይሁን፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ስለሚቆም ሰንብቶ ፓምፑ እኩለ ሌሊት ላይ መነሳት ይጀምራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቦይለሩ ሥር ነው። መመለሻው የሚገባው በቀዝቃዛው መግቢያ በኩል ሲሆን፣ ቲው (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያው) በሴፍቲ ቫልቩና (ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው፣ ውሃውም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው) በቦይለሩ መካከል መሆን አለበት። ከሴፍቲ ቫልቩ ውጪ ከተቀጠለ ሙቁ በመመለሻው ዞሮ ወደ ቀዝቃዛው መስመር ሊያመልጥ ይችላል። መመለሻው ላይ ቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ካልገባ ደግሞ ሻወሩ ሲከፈት ቀዝቃዛው በዚያ በኩል ወጥቶ ከሙቁ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ይመጣና ቦይለሩ ይወቀሳል።

ፓምፑ ነሐስ ወይም ስቴንለስ ይሁን፣ ተራው ብረት ይዝጋል። ዘንጉ አግድም ይቀመጥ። ሮቶው ባዶ ሲሆን ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ያስፈልጋል፤ የሚለሰልሰው በራሱ በውሃው ስለሆነ በደረቅ ከዞረ ይቃጠላል። ፍሰቱንም በቫልቭ ቆንጥጦ በደቂቃ ወደ 3 ሊትር ማውረድ ነው። አለዚያ ቦይለሩ ውስጥ ከላይ የተኛው ሙቅ ከታችኛው ቀዝቃዛ ጋር ይታመሳል።

ኤሌክትሪክ፦
ለአንድ ሻወር ይህ ሁሉ ጣጣ? ፎቁ ላይ 50 ሊትር ይሰቀል። የራሱ 2.5 ካሬ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር፣ አርዱም ሳይረሳ። ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ላይ ግን በፊሸር ብቻ አይንጠልጠል፤ ውሃ ሲሞላ ከ65 ኪሎ በላይ ነው። ግድግዳውን አሳልፎ ከኋላ በላሜራ የሚያዝ ቡሎን ይግባ። ፎቁ ላይ ሦስት መታጠቢያ ቢኖር ኖሮ ፓምፑን እመርጥ ነበር።

ጀማሪ ገንቢ፦
ፎቁ ላይ ያለው አንድ ሻወር ብቻ ነው። ኪችኑስ? ከታችኛው ቦይለር 5 ሜትር ነው።

ሰኒተሪ፦
እሱን በ20 ሚሊ ይዘርጉት። አምስቱ ሜትር 0.7 ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሰሃን ማለቅለቂያ ይሆናል።