«የተነካ ይውጣ» ከቤተሰብ ጨዋታ ይቅር ወይስ ይቆይ?

አስተባባሪ፦ የዛሬውን መከራከሪያ ያመጣችው አንዲት የቡድናችን እናት ናት። ቤተሰቡ በእረፍት ቀን ግቢ ውስጥ አባሮሽ፣ ድብብቆሽና የወንበር ዙሪያ ጨዋታ ይጫወታል። ሁሌም ቀድማ የምትወጣው የ5 ዓመቷ ልጅ ናት፤ ከወጣች በኋላ ጨዋታው እስኪያልቅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ታያለች። እናትየዋ «የተነካ ይውጣ» የሚለው ሕግ ይቅር ባይ ናት። ባለቤቷ ደግሞ መሸነፍን ከአሁኑ ትልመደው ይላል። እናንተስ? በምክንያት ተከራከሩ፤ ዘለፋ የጻፈ መልእክቱ ይነሳል።

የስፖርት መምህር፦ ይቅር ከሚሉት ነኝ። የልጅቷ ማኩረፍ ሳይሆን የምትቀመጠው ጊዜ ነው የሚያሳስበኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። እስቲ አባሮሹን በዚህ መዝኑት። ቀድሞ የሚወጣው ማን ነው? ትንሹ፣ ቀርፋፋው፣ ወፈር ያለው፣ ቶሎ የሚደክመው። መሮጥ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ ከሁሉም ያነሰ ሮጦ ይቀመጣል፤ ድሮም ፈጣን የሆነው ግን እስከ መጨረሻው ይሮጣል። ይሄን በክፍል ውስጥ በየጊዜው አያለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ቀድሞ የወጣ ልጅ በአራተኛው ላይ «አሞኛል» ብሎ ከነጭራሹ አይገባም።

አያት፦ ልጆቼ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ይህን ሕግ ለልጆች ያወጣላቸው አዋቂ የለም፤ ራሳቸው ናቸው። ብቻቸውን ተዉአቸውና ተመልከቱ፣ ያው «ተነክተሃል፣ ውጣ» ይባባላሉ። ደግሞ አንዱ ዙር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የወጣው ልጅ ማን በየት እንደሚያመልጥ ያያል፣ ይጮኻል፣ ተራውን ይጠብቃል። ተራ መጠበቅም ትምህርት ነው። መሸነፍን ከግቢ ካወጣችሁት ልጁ የት ሄዶ ይማረው? ሲያድግ ማንም አይሳሳለትም።

የሦስት ልጆች እናት፦ አባባ፣ በአክብሮት ልመልስልዎ። ያሉት እኩዮች ሲጫወቱ ልክ ነው፤ ዛሬ የተሸነፈ ነገ ያሸንፋል። የቤተሰብ ጨዋታ ግን የእኩያ ጨዋታ አይደለም። 12 ዓመት የሞላው ወንድም ከ5 ዓመት እህቱ ጋር ሲሮጥ ውጤቱ ሳይጀመር ያለቀ ነው። ነገም፣ የሚመጣው ወርም ያው ነው። ልጅ ከእንዲህ ያለ ጨዋታ የምታተርፈው «እኔ ለዚህ አልሆንም» የሚል ስሜት ብቻ ነው።

እኛ ቤት አባሮሹን እንዲህ ነው የምንጫወተው፦ የተነካ አይወጣም፣ እግሩን ከፍቶ ባለበት ይቆማል። ነጻ የሚሆነው ሌላው በእግሮቹ መካከል ሾልኮ ሲያልፍ ነው። ታላቅየው ለመሹለክ ሲንበረከክ ይያዛል፤ ትንሿ ግን ጎንበስ ብላ እልፍ ነው! ስለዚህ የተያዙት ትልልቆች በሙሉ ስሟን እየጠሩ «ወደ እኔ! ወደ እኔ!» ይላሉ። ማንም ሳይሳሳላት የቡድኑ ተፈላጊ ሆነች። በአባቷ እግሮች መካከል ሁለት ጊዜ ሾልካ፣ ከዚያ ጎትታ ልታስሮጠው ስትሞክር ብታዩ!

ወጣት አባት፦ እህቴ፣ የሾለካውን ጨዋታ ወድጄዋለሁ። አንዳንዶች ጨዋታውን ለማመጣጠን ትልቁን በአንድ እግር ማስሮጥ፣ አባት በግራ እጁ እንዲወረውር ማድረግ የሚሉትን ግን እጠራጠራለሁ። እኛም ሞክረነዋል። ታላቁ ልጄ «ፈጣን ስለሆንኩ ለምን እቀጣለሁ?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ትልቁም ልጅ እኮ ልጅ ነው፤ ባለው አቅም ሁሉ መሮጥ ይገባዋል። ስለዚህ ለብቻው ከእኩዮቹ ጋር «የተነካ ይውጣ»ን ይጫወት፤ ሁላችን ስንሆን ደግሞ ሌላ ሕግ ይኑረን።

የሦስት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ እገዳውን አንተ ስትጥልበት ቅጣት ይሆንበታል። ራሱ ይምረጥ። የኛው «ወደ ኋላ እየሮጥኩ እይዛችኋለሁ» ብሎ ራሱ ነው የፎከረው።

የሕፃናት ነርስ፦ ወደ ኋላ መሮጡ ሣር ላይ ብቻ ይሁን፣ እባካችሁ። ሁላችሁም ስለ ሕጉ ስታወሩ ስለ ግቢው ያነሳ የለም። ወላጅ ጨዋታውን ይምራ አይምራ ተከራከሩበት፤ ግቢውን ግን ቀድሞ መዞር ግዴታው ነው። በልጅ አንገት ቁመት የተወጠረ የልብስ ገመድ፣ ክዳኑ ያልጠበቀ የውኃ በርሜል፣ ድብብቆሽ ሲጫወቱ የሚገቡበት የተጣለ ፍሪጅ፣ ከቆመ መኪና ኋላ መደበቅ፤ እነዚህ ላይ ድርድር የለም። መዝለያ ትራምፖሊን ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ፦ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በመኖሪያ ቤትና ግቢ መጠቀሙን አይደግፍም። ከአደጋው ሦስት አራተኛ የሚሆነው ከአንድ በላይ ሰው አብሮ ሲዘል የሚደርስ ነው፤ የበለጠ የሚጎዳውም ክብደቱ ቀላል የሆነው ልጅ ነው። «አብረን እንዝለል» የምትሉ ወላጆች፣ እናንተ ስትወርዱ እሱ ወዴት እንደሚወረወር አስቡ።

የአንድ ልጅ አባት፦ ልጄ የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። እናንተ ማን ቀድሞ ይውጣ ስትሉ እሱ መቼ ገብቶ ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ጨዋታን የልጅ መብት ብሎ ይቆጥረዋል። «ፈጣን ለሆነ ልጅ» አይልም። እኛ ዘንድ የሠራልን አንድ ጨዋታ አለ፦ ሁሉም መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ትልቅ ቀላል ኳስ በእጅ ብቻ ይገፋል፣ ኳሱ ከኋላው ያለፈበት ነጥብ ይቆጠርበታል። እሱም ከወንበሩ ወርዶ ይቀመጣል። ክንዱ ከሁላችንም የጠነከረ ስለሆነ የሚያሸንፈን እሱ ነው፣ በእውነት!

አያት፦ ልጄ፣ ይህኛው ጨዋታ እኔንም ያጫውተኛል፤ ከሮጥኩ የጉልበቴ ሕመም አይለቀኝም። እንዲህ ከሆነ ደስ ይለኛል። ነገር ግን አሁንም አልለቃችሁም፦ በእሱም ቢሆን ተሸናፊ አለ፤ ነጥብ እየቆጠራችሁ ነው።

የስፖርት መምህር፦ አባታችን፣ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም። ነጥብ ይቆጠር፣ አሸናፊም ይኑር። እኔ የምጣላው ተሸናፊውን ከማስቀመጥ ጋር ነው። የተነካው አስር ጊዜ ገመድ ዘሎ ይመለስ፤ ተሸንፏልም፣ ሮጧልም።

ጥያቄውን ያቀረበችው እናት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤቴም እያነበበ ነው። ሾልኮ ማዳኑን ተስማምተናል። ልጅቷ ግን የወንበሩን ጨዋታ ነው የምትወደው። እሱ ላይ መውጣት እንዴት ይቀራል?

የስፖርት መምህር፦ ወንበር ይነሳ፣ ልጅ አይነሳ። ሙዚቃው በቆመ ቁጥር አንድ ወንበር ይቀነሳል፤ የቀሩት ወንበሮች ላይ ሁሉም መገጣጠም አለበት፣ ተደራርቦም ቢሆን፣ ተቃቅፎም ቢሆን። አንድ ሰው እግሩ መሬት ከነካ ሁሉም ተሸነፈ። መጨረሻ ላይ ሁለት ወንበር ሲቀር ታላቁ ታናሿን ጭኑ ላይ ካላስቀመጠ አያልፉም።

የሕፃናት ነርስ፦ የፕላስቲክ ወንበር ግን አይሆንም፤ እግሩ ይከፈትና ይወድቃሉ። ሣር ላይ የተዘረጋ ምንጣፍ በየዙሩ እያጠፋችሁ አጥብቡት፤ ያው ጨዋታ ነው።