ዜሮ ተዋጊ፦ 22 ከ32 በኋላ ለምን መጣ? በፎቶስ በምን ይለያሉ?

ላሜራ (ጠያቂ)
የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላን የሆነውን የሚትሱቢሺ ኤ6ኤም ዜሮ ፎቶዎችን በየሞዴሉ እየለየሁ ነው። ያስቸገሩኝ ሞዴል 32 እና ሞዴል 22 ናቸው። ቁጥሩ ለምን ወደ ኋላ ሄደ? ክንፉ በደንብ በማይታይበት ፎቶስ በምን ልያዛቸው? ደግሞ ይህ ሁሉ ማሻሻያ እያለ 1944 (እ.ኤ.አ.) ላይ በአሜሪካው ተዋጊ በሄልካት ለምን ተበለጠ?

ኮፈን
ቁጥሩ ተራ አይደለም። የመጀመሪያው አሃዝ የአካሉን ለውጥ፣ ሁለተኛው የሞተሩን ይነግርሃል። 21 ማለት ሁለተኛው አካል ከመጀመሪያው ሞተር ጋር ነው፤ ሳካኤ 12፣ 940 የፈረስ ጉልበት። በ32 ሁለቱም ተቀየሩ። ባለሁለት ፍጥነት ሱፐርቻርጀር (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሳካኤ 21 ገባ፣ 1,130 የፈረስ ጉልበት። ለአውሮፕላን ተሸካሚው መርከብ ሊፍት ሲባል ይታጠፍ የነበረው የክንፍ ጫፍ በየጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር ተነሥቶ የክንፉ ርዝመት ከ12 ወደ 11 ሜትር ወረደ። በፍጥነት ላይ ጎን ለጎን መገልበጡ ተሻሻለ፤ የመድፉም ጥይት ከ60 ወደ 100 ከፍ አለ።

ጉዳቱ ነዳጁ ላይ ነው። አዲሱ ሞተር ስለሚረዝም ከኋላው ያለው ግድግዳ ወደ ኋላ ተገፋ፣ አብራሪው ፊት ያለው ጋን 60 ሊትር ብቻ ቀረው። ሞተሩ ደግሞ ከቀድሞው ይበልጥ ይጠጣል። ኦገስት 1942 አሜሪካኖች ጓዳልካናል ደሴት ላይ ሲወርዱ ከጃፓኖች ጦር ሰፈር ከራባውል ያለው ርቀት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ 32 ደርሶ ተዋግቶ መመለስ አልቻለም። መፍትሔው ያንኑ ሞተር ይዞ ወደ 12 ሜትሩ ክንፍ መመለስና በየክንፉ 45 ሊትር ጋን መጨመር ሆነ። አካሉ ወደ ሁለተኛው ስለተመለሰ 22።

ማርሚታ
ለፎቶው፣ አፍንጫውን እይ። 21 የካርቡራተሩ አየር መግቢያ ከኮፈኑ ሥር ነው፤ በ32፣ በ22 እና ከእነሱ በኋላ በመጣው በ52 ከላይኛው ከንፈር ላይ ነው። ስለዚህ አፍንጫ ብቻ ከታየ 32ን ከ22 መለየት አይቻልም፣ የክንፍ ጫፍ ያስፈልግሃል፦ የ32 ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ የ22 ክብ። 52 ደግሞ 11 ሜትር ሆኖ ጫፉ ክብ ነው። ጭሱን የሚያወጡት ለየብቻ ወደ ኋላ የዞሩ አጫጭር ቱቦዎች ናቸው፤ ግፊታቸው ጥቂት ፍጥነት ስለሚጨምር 565 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደርሷል። ትኩሱ ጭስ ላሜራውን እንዳያቃጥል ከቱቦዎቹ ኋላ መከላከያ ሳህን አለ፤ ጥርት ባለ ፎቶ ይታያል።

ኮፈን
ሦስተኛው ጥያቄህ ከሁሉም ይከብዳል። 52 ኮ ላይ (ኮ፣ ኦትሱና ሄይ በተራ የ52 ንዑስ ሞዴሎች ናቸው) የክንፉ ላሜራ ወፈረ፤ ወደ ታች ሲወረወር የሚፈቀድለት ፍጥነት 740 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሆነ፣ መድፉም በቀበቶ እየተመገበ 125 ጥይት ያዘ። 52 ኦትሱ ከሁለቱ 7.7 ሚሊ ሜትር መትረየሶች አንዱን በ13.2 ተካ። 52 ሄይ በየክንፉ አንድ 13.2 ጨመረ፣ ከአብራሪው ጀርባም ጥይት መከላከያ ብረት አደረገ። እነዚህ ሁሉ ትክክለኛ እርምጃዎች ናቸው፤ ግን እያንዳንዱ ክብደት ነው፣ ሞተሩም ያው ሳካኤ 21። ሄልካት 2,000 የፈረስ ጉልበት ይዞ ነበር የመጣው። ለእኔ ዋናው ጥፋት ላሜራና መትረየስ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። 1,560 የፈረስ ጉልበት ያለው ኪንሴይ 62 ሞተር ዜሮ ላይ የተገጠመው 1945 ነው፤ የተሠሩትም ሁለት የሙከራ አውሮፕላኖች ብቻ ናቸው።